ለማዕድን ተልከው በመስታወት የተመለሱት አፈወርቅ ተክሌ

ኦቾሎ ላደገ ሰው ስብሰባ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው አዳራሽ አይደለም፤ ዱቡሻ ነው። ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ በጋሞ ደጋ ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ያለችውን ይህችን መንደር ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ አጥንቶ መጽሐፍ ጽፎባታል። የሳበው ሌላ ነገር ሳይሆን የሕዝቡ አሰባሰብ ነበር። ዱቡሻ ጣሪያ የለውም፣ ግድግዳም የለውም። የአገር ጉዳይ፣ የድንበር ክርክር፣ የእርቅ ነገር ፀሐይ እያየው ይነሳል፣ ፀሐይ እያየው ያልቃል። መስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ እርጥብ ሳር ይዘው፣ ተንበርክከው ለበቀል የወጣውን ወጣት የመለሱት የጋሞ አባቶች ከየት እንደመጡ ለመረዳት ዱቡሻን ማወቅ ያስፈልጋል።

አፍሪካም እንደ አህጉር አንድ ዱቡሻ አላት ብንል ማጋነን አይሆንም። አዲስ አበባ፣ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቤተ መንግሥት በሚወስደው አቀበት ላይ ያለው አፍሪካ አዳራሽ ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያ ነው። ይሄኛው ዱቡሻ ግን ግድግዳ አለው። ታዲያ ፀሐይዋ በየት ትግባ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው ሰው ነው የዛሬው ባለታሪካችን። ፀሐይዋን በመስታወት አስገባት፤ ስትገባም ባዶ እጇን አልገባችም፣ የአፍሪካን ታሪክ ይዛ ነው የገባችው።

ሰውዬው የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው።

አፈወርቅ የተወለዱት በጥቅምት ወር 1925 ዓ.ም. በሸዋ፣ አንኮበር ነው። ዓመቱን ልብ በሉት። ልጁ ገና ዳዴ ብሎ ሳይጠግብ ጣሊያን አገሪቱን ወረረ። አምስቱን የወረራ ዓመታት በልጅነት ዓይኑ አየ። ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ሲሰደድ፣ ከተማ ሲፈርስ ያየ ልጅ በኋላ በሥዕሎቹ ውስጥ ነጻነትን ደጋግሞ ቢያነሳ የሚገርም አይደለም።

ከነጻነት በኋላ አገር እንደገና መሠራት ነበረባት። ትምህርት የቀመሱ ልጆች ወደ ውጭ ይላኩ ተባለ። አገሪቱ የምትፈልገው ደግሞ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ የሕግ ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 አፈወርቅ ወደ እንግሊዝ ተላኩ። የተላኩበት ሙያ የማዕድን ምሕንድስና ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተማሪዎቹን ሲያሰናብቱ አደራው ግልጽ ነበር፤ ተምራችሁ ኑና አገራችሁን ሥሩ።

እስቲ ራሳችሁን በዚያ ልጅ ቦታ አስቀምጡት። ዕድሜው ገና 15 ዓመት ገደማ ነው። መንግሥት ከፍሎልሃል፣ ንጉሥ አሰናብቶሃል፣ ቤተሰብ አደራ ብሎሃል። አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተህ ትማራለህ፤ ግን እጅህ ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ ሥዕል ነው። ዛሬ ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ሕክምና ተመድቦ ልቡ ሙዚቃ ወይም ፊልም ላይ የቀረ ወጣት ይህንን ስሜት ያውቀዋል። አፈወርቅ መምህራኖቻቸው ችሎታቸውን አይተው አበረታቷቸው፤ እርሳቸውም ወሰኑ። ማዕድኑን ትተው ለንደን በሚገኘው የማዕከላዊ የሥነ ጥበብና እደ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕልን፣ ቅርጻ ቅርጽንና የሕንፃ ጥበብን ተማሩ።

ቀላል ውሳኔ እንዳይመስላችሁ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠዓሊ ማለት በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው፤ ስሙ እንኳ ከሥራው ሥር ላይጻፍ ይችላል። ለንደን ድረስ ሄዶ ሠዓሊ ሆኖ መመለስ ለብዙ ሰው ትርጉም የሚሰጥ ነገር አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ አገራቸው ሲመለሱ የቢሮ ወንበር ይዘው መቀመጥ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ያንን አልፈለጉም። በየክፍለ ሀገሩ እየዞሩ የሕዝቡን አኗኗር፣ አለባበስ፣ ታሪክ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱን ሥዕል ማየት ጀመሩ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ውስጥ የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርዕያቸውን አቀረቡ። ዕድሜያቸው ገና 22 ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ለዛሬው ታሪካችን ዋናው። ከዐውደ ርዕዩ ያገኙትን ይዘው እንደገና ወደ አውሮፓ ሄዱ። ለሁለት ዓመት ያህል ጣሊያንን፣ ፈረንሳይን፣ ስፔንን፣ ፖርቱጋልን፣ ግሪክን ዞሩ። ሁለት ነገር ነበር የሚፈልጉት።

አንደኛው የራሳችንን ነገር ነው። በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ያሉትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሥዕሎች ማጥናት። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት የአያቶቹን ሥዕል ለማየት የሰው አገር ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ላይ መቆም ነበረበት። ለንደን ካሉት ብራናዎች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ ናቸው። ይህ ቁጭት አብሯቸው እንደኖረ መገመት አያስቸግርም።

ሁለተኛው በባለቀለም መስታወት ሥዕል መሥራት ነው። ይህን ጥበብ በደንብ ለመረዳት ወደ ካቶሊክ ካቴድራሎቹ ዘመን መመለስ አለብን።

በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን አሠራር ተቀየረ። ከዚያ በፊት ጣሪያውን የሚሸከመው ወፍራም ግድግዳ ስለነበር መስኮት ትንሽ ነው፣ ውስጡም ጨለማ ነው። አዲሶቹ ግንበኞች ክብደቱን ወደ ውጭ ባወጡት የድጋፍ ቅስት ላይ ጫኑት። ግድግዳው ሸክሙ ሲቀልለት መሃሉ ክፍት መሆን ቻለ። ያንን ክፍት ቦታ በባለቀለም መስታወት ሞሉት። ብዙው ምዕመን ማንበብ አይችልም፤ ስለዚህ መስኮቱ ራሱ መጽሐፍ ሆነ። አዳምና ሔዋን፣ ኖኅ፣ ልደቱ፣ ስቅለቱ፣ ሁሉም በብርሃን ተጻፈ። የኛ አብያተ ክርስቲያናት በግድግዳ ሥዕል የሚሠሩትን ሥራ እነርሱ በመስኮት ሠሩት ማለት ነው።

ከሁሉም ስሙ የገነነው የሻርትር ካቴድራል ነው። እ.ኤ.አ. በ1194 በእሳት ከወደመ በኋላ እንደገና ሲሠራ የተተከሉት መስታወቶች አብዛኞቹ ዛሬም አሉ። በተለይ ሰማያዊው ቀለም የሠዓሊዎች ሁሉ መነጋገሪያ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መስታወት የሚሠራው ከአሸዋ ነው። አሸዋው ከአመድ ጋር በከፍተኛ ሙቀት ሲቀልጥ ማዕድን ይጨመርበታል። ኮባልት ከተጨመረ ሰማያዊ፣ መዳብ ከተጨመረ እንደ አሠራሩ ቀይ ወይም አረንጓዴ፣ ማንጋኒዝ ከሆነ ወይን ጠጅ ይሆናል። ሠዓሊው ሥዕሉን በመስኮቱ ልክ ወረቀት ላይ ይነድፋል። መስታወቱ በንድፉ መሠረት ይቆረጣል። የፊት ገጽታ፣ የልብስ እጥፋት የመሳሰሉት ጠቆር ባለ ቀለም ተስለው እቶን ውስጥ ይተኮሳሉ። መጨረሻ ላይ ቁርጥራጮቹ እርሳስ በሚባለው ለስላሳ ብረት ይያያዛሉ። የጋሞ ሸማኔ ዱንጉዛ ሲሠራ ቀዩን፣ ቢጫውንና ጥቁሩን ክር እንዴት እንደሚያገናኝ ያየ ሰው ይህንን አይቸገርበትም። ቀለም ብቻውን ምንም አይደለም፤ ከጎኑ ያለው ቀለም ነው የሚያናግረው።

አሁን ደግሞ ነገሩን አስተውሉት። ኮባልት፣ መዳብ፣ ማንጋኒዝ፣ እርሳስ። ይሄ እኮ የማዕድን ትምህርት ነው! ልጁ ማዕድን እንዲማር ተልኮ ነበር፤ እምቢ ብሎ ሥዕል ተማረ፤ ሥዕሉ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ወደ ማዕድን መለሰው። አደራውን በሌላ መንገድ ተወጣው ማለት ይቻላል።

በመስታወት ሥዕልና በሸራ ሥዕል መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ እጃችሁ ላይ አለ። የሸራ ሥዕል ብርሃን ከፊት አርፎበት ተመልሶ ወደ ዓይናችን ይመጣል። የመስታወት ሥዕል ግን ብርሃኑ ከኋላው ነው፤ በቀለሙ ውስጥ አልፎ ነው የሚደርሰን። ብዙ የስልክ ስክሪኖች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ከዛሬ 800 ዓመት በፊት የሻርትር ምዕመን ቀና ብሎ የሚያየው መስኮት የዘመኑ ስክሪን ነበር። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እርሱ ባትሪ አይፈልግም፣ ጠዋትና ማታ ግን አንድ ዓይነት ሆኖ አይታይም። ፀሐይዋ ስትዞር ሥዕሉም አብሮ ይዞራል።

አፈወርቅ ይህን ይዘው አገራቸው ሲገቡ ሥራ ጠበቃቸው። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የግድግዳና የሞዛይክ ሥዕሎችን እንዲሠሩ ተጠሩ። ከዚያ ደግሞ ትልቁ ጥሪ መጣ።

እ.ኤ.አ. በ1958 የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ተቋቁሞ መቀመጫው አዲስ አበባ ሆነ። ለእርሱ የሚሆን ሕንፃ በጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ ንድፍ ተጀመረ። መግቢያው ላይ የሚቆመውን ግዙፍ የመስታወት ሥዕል እንዲሠሩ የተመረጡት አፈወርቅ ናቸው። ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም። ሕንፃው በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ።

ሥራው 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት አንድ ጥሩ ግቢ ያለውን የቤት ቦታ አስቡና ወደ ላይ አቁሙት። ሦስት ክፍሎች አሉት። አንደኛው የአፍሪካን ትናንት ይናገራል፤ የሰንሰለቱን፣ የሐዘኑን ዘመን። ሁለተኛው ትግሉን ያሳያል። ሦስተኛው ነገን ነው፤ ችቦ ይዘው ወደፊት የሚራመዱ ሰዎችን ታያላችሁ። የሥራው ስም የአፍሪካ ፍጹም ነጻነት የሚል ነው።

እዚህ ላይ ነው የሰውዬው ድፍረት የሚገባን። ያ ጥበብ ለብዙ መቶ ዓመታት የቅዱሳን ታሪክ መንገሪያ ነበር። አፈወርቅ ዘዴውን ሙሉ በሙሉ ወሰዱት። የካቴድራል መስኮት ውድቀትን፣ ተጋድሎንና ትንሣኤን በቅደም ተከተል ይነግራል። እርሳቸውም ባርነትን፣ ትግልንና ነጻነትን በዚያው ቅደም ተከተል አስቀመጡ። የቅዱሳኑ ቦታ ላይ ግን ተራውን አፍሪካዊ፣ እናትን፣ ልጅን፣ አባትን አቆሙ። ያን ጊዜ ደግሞ ከአህጉሩ ግማሽ የሚሆነው ገና በቅኝ ግዛት ሥር ነበር። አንጎላ ነጻ አልወጣችም፣ ሞዛምቢክ ነጻ አልወጣችም፣ ኬንያ ነጻ አልወጣችም። ሥዕሉ ያልተፈጸመውን እንደሚፈጸም አድርጎ ነው የተናገረው። በ1955 ዓ.ም. የ32 ነጻ አገሮች ተወካዮች ለምሥረታው ሲሰባሰቡ ከመግቢያው የተቀበላቸው ይህ ብርሃን ነው።

አፍሪካ አዳራሽ ካቴድራል አይደለም። አፈወርቅ ግን ካቴድራልን አልረሱም። ከአዲስ አበባ ርቆ በሰሜን፣ በትግራይ፣ አዲግራት ውስጥ የካቶሊክ ካቴድራል አለ። የአዲግራት የካቶሊክ ሀገረ ስብከት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961፣ ልክ አፍሪካ አዳራሽ በተመረቀበት ዓመት ነው። ሥርዓተ አምልኮው በግዕዝ ነው፤ እምነቱ የሮምን ጳጳስ ይከተላል፣ ዜማውና ልማዱ ግን የዚሁ አገር ነው። በዚያ ካቴድራል ዋናውን የግድግዳ ሥዕል የሠሩት አፈወርቅ ናቸው። ርዕሱ የመጨረሻው ፍርድ ነው።

ይህንን ርዕስ መንካት ለሠዓሊ ፈተና ነው። በአውሮፓ ማይክል አንጄሎ ቫቲካን ውስጥ፣ በሲስቲን ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1541 ስላጠናቀቀው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሁሉ ከእርሱ ጋር ይነጻጸራል። በእኛም አገር ምጽአት በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የኖረ ርዕስ ነው። አፈወርቅ በሁለቱ መካከል ነው የቆሙት። ከአንድ ወገን የኢጣሊያንና የፈረንሳይን ካቴድራሎች አይተዋል፤ ከሌላ ወገን የብራና ሥዕሎቻችንን ቅጠል በቅጠል አጥንተዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኦርቶዶክስ ነው፤ አዲግራት የካቶሊክ ነው። አንድ እጅ ሁለቱንም ቤት አስጊጧል።

እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ ዘርፍ የመጀመሪያው ተሸላሚ አደረጋቸው። የመስቀል አበባና እናት ኢትዮጵያ የተሰኙት ሥዕሎቻቸው ስማቸውን ከአገር ውጭ አደረሱት። ቴምብር ነደፉ፣ ፖስተር ሠሩ፣ የክብር ልብስ ንድፍ አወጡ፣ የመጫወቻ ካርታ ሳይቀር አሰማመሩ። ዛሬ ግራፊክ ዲዛይነር የምንለውን ሥራ ስሙ ሳይታወቅ ይሠሩት ነበር። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፤ አፈወርቅ በሦስቱም ዘመን ሠዓሊ ሆነው ቀጠሉ።

አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ትልልቅ ሥራዎቻቸውን እንደ ልብ አይሸጡም ነበር። የአገራቸውን ብራና ባሕር ማዶ ሄዶ ያነበበ ሰው የራሱ ሥዕል በተራው ባሕር ማዶ እንዳይቀር ቢሰስት ይፈረድበታል? ሥራዎቻቸውን ሰብስበው የኖሩት ራሳቸው በነደፉት ቪላ አልፋ ነው። ቤቱ ከአክሱም፣ ከጎንደር ግንብና ከሐረር የሕንፃ አሠራር የተቀዳ ነገር አለበት። መኖሪያም፣ መሥሪያም፣ ማሳያም ነበር።

ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. በ79 ዓመታቸው አረፉ። የተቀበሩት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ያ ካቴድራል ራሱ በባለቀለም መስታወቶቹ የታወቀ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም ለእርሳቸው የሚስማማ ማረፊያ ነው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። እርሳቸው ሲያርፉ ዛሬ ይህን የምታነቡት ብዙዎቻችሁ ገና ልጆች ነበራችሁ። ስማቸውን ሰምታችኋል፤ ሥራቸውን ግን በዓይናችሁ ያያችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ?

እ.ኤ.አ. በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀምር ሲል የሻርትር ሰዎች የካቴድራላቸውን መስታወት አንድ በአንድ አውርደው፣ በሣጥን አሽገው ደበቁት። ጦርነቱ ሲያልፍ መልሰው ተከሉት። እነርሱ ያን ያደረጉት የመስታወቱን ዋጋ ከልጅነታቸው ስለሚያውቁት ነው። የማያውቁትን ነገር ማን ተሯሩጦ ያድናል? መስታወት ተሰባሪ ነው፤ የግድግዳ ሥዕልም ከግድግዳው ጋር ነው የሚኖረው፣ ከግድግዳው ጋር ነው የሚወድቀው። ሸራ ጠቅልለህ ትሸሻለህ፤ ካቴድራል ግን ጠቅልለህ አትሸሽም።

ደስ የሚለው አፍሪካ አዳራሽ ከረጅም የእድሳት ሥራ በኋላ፣ መስታወቱም ታድሶ፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። ግቢው ዝም ተብሎ የሚገባበት አይደለም፤ ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። መጠየቁ ግን አያስቆጭም። ከገባችሁ ወዲያው ስልክ አታውጡ። ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ፤ ብርሃኑ ወለሉ ላይና ልብሳችሁ ላይ ሲያርፍ እዩት። ስልኩ የሥዕሉን መልክ ይወስዳል እንጂ በሰውነታችሁ ላይ ያረፈውን ቀለም አይወስድም።

ኦቾሎ ዱቡሻ ላይ ፀሐይ ጣሪያ ሳይከለክላት ተሰብሳቢው ፊት ላይ ታርፋለች፤ ማንም እዚያ ፊቱን ደብቆ አይናገርም። አፈወርቅ ለአፍሪካ ዱቡሻ ያደረጉት ይህንኑ ነው። የአህጉሩ መሪዎች ስለ ነገ ሊነጋገሩ ሲገቡ፣ ትናንት ከነሰንሰለቱ በብርሃን ተስሎ ፊታቸው ላይ እንዲያርፍ አደረጉ። ማዕድን አውጣ ተብሎ የተላከው የአንኮበር ልጅ ያወጣው ማዕድን ይህ ነው። ፀሐይ በወጣች ቁጥር ዛሬም ሥራውን ይሠራል።